ዋስ ያጣው ክትባት

ዛሬ ግጥም ይዤ አልቀረብሁም። (አንዲት አራት መስመር ከመካከል ትገባለች፤ እርሷንም ዘልላችሁ ብታልፉ አልቀየማችሁም።) ይዤ የቀረብሁት ከአራት ዓመት በላይ ከእኔ ጋር የኖረ አንድ ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ነገሩ በስልክ ጀመረ። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ነው። በባንክ መስኮት ተቀምጦ ለሠራ ሰው ያ ሳምንት ምን ማለት እንደ ሆነ አይነገረውም፤ በግ ገዢው፣ ቅቤ ገዢው፣ ልጁ ከውጭ የላከለት ሁሉ በአንድ ላይ ይመጣል፤ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ የእግረኛውን መንገድ ይዘጋል። በዚያ ላይ ጭምብል ያፈነው ድምፅ በመስተዋቱ ማዶ አልሰማ እያለኝ «ስንት አሉኝ?»፣ «እስቲ እንደ ገና ይበሉት» ስል እውላለሁ። በዚህ መሐል ስልኬ ጠራ። እታባ ናት።

እታባ የእናቴ ታላቅ እኅት ነበረች። እናቴ በልጅነቴ ስታርፍ ወስዳ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ እርሷ ናት። ስኳርና ደም ግፊት ነበረባት፤ በሥራ ሰዓት ደውላ የማታውቅ ሴት በመሆኗ ደንግጬ አነሣሁት።

«እስቲ አባቴ፣ እነዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች መጥተው ነበር። የኮሮናው ክትባት ለአረጋውያንና ስኳር ላለባቸው ይቅደም ተብሏል ብለው እኔንም መዘገቡኝ። ምን ትለኛለህ? ልወጋ ወይስ ይቅርብኝ?»

በመስተዋቱ ማዶ አንድ ነጋዴ የገንዘብ እስር ይዞ ዓይኑን አፍጥጦብኛል። «ትንሽ ቆዪ እታባ፤ እስቲ የሌላውን ሰው እንይ» አልኋት።

«እሺ፣ አንተ ካልህ» ብላ ዘጋች።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ «አንተ ካልህ» ስለሚለው ቃል ነው።

እኔ የክትባት ተቃዋሚ አልነበርሁም። አንባቢ ነኝ፤ ዲግሪም አለኝ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ አዲስ አበባ ሲገባ በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ መጋቢት 4 ቀን፣ ማለትም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገራችን በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ ክትባቱ ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት ሲጀመርም ደስ ብሎኛል። ዳሩ ግን ያው ሳምንት ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። እኛ ከመጀመራችን ሁለት ቀን አስቀድማ ዴንማርክ፣ ከጀመርን ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ይህንኑ ክትባት የደም መርጋት ያስከትል እንደ ሆነ እስኪጣራ ብለው ለጊዜው አቆሙት። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል አለ፤ በወሩ ደግሞ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሠት የደም መርጋት እንዳለ አምኖ በክትባቱ ማስጠንቀቂያ ላይ እንዲጻፍ አደረገ። ነገሩ በሐቅ የተያዘ ነበር። ዳሩ «አቆሙት» የሚለው ዜና በአንድ ቀን ጆሯችን ሲደርስ፣ «እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ጥቅሙ ይበልጣል» የሚለው እያዘገመ ቀረ። ጭራሽ ያልደረሰበትም ቤት ብዙ ነው።

እኔ ሁለቱንም አንብቤአለሁ። ስለዚህ «ቆዪ» ያልሁት ባለማወቅ አይደለም። ያልሁበትን ምክንያት ለማግኘት ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ያገኘሁትም ከሥራዬ ነው።

ወደ መስኮት ከመምጣቴ በፊት ሁለት ዓመት በብድር ክፍል ሠርቻለሁ። ተበዳሪው ይመጣል፤ ንግድ ፈቃዱን፣ ካርታውን፣ የሂሳብ መዝገቡን ይደረድራል። እኛም እናገላብጣለን። ነገር ግን መጨረሻ ላይ የምንጠይቀው ያችኑ የታወቀች ጥያቄ ነው፤ «ዋስ አለህ?»። በእኛ ሀገር ሰው ለሥራ ሲቀጠር እንኳ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ስለ ሰውዬው ከወረቀቱ የበለጠ አያውቅ ይሆናል፤ ግና ነገሩ ቢበላሽ አብሮ እንደሚጠየቅ አምኖ ፈርሟል። የዋስ ዋጋው እውቀቱ ሳይሆን አብሮ መጠየቁ ነው።

እታባ የጠየቀችኝ መረጃ አልነበረም። መረጃውን የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ነግረዋታል፤ ሬዲዮውም ቀኑን ሙሉ ይነግራታል። የጠየቀችኝ ዋስ እንድሆናት ነው። እኔ ደግሞ «ተከተቢ» ብያት አንድ ነገር ብትሆን ዕድሜ ልኬን የምጸጸት መስሎኝ ሸሸሁ። «ቆዪ» ማለት ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር። ማንም ሰው «ቆይ» በማለቱ አይከሰስምና።

ከዚህ ቀደም ያየሁት አንድ ነገር ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ቀይሮ አዲስ የ200 ብር ኖት ሲጨምር፣ ያለንበት ዘመን የወረርሽኝ ዘመን ነበር። ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ከፍራሽ ሥር፣ ከጎተራ፣ ከቆርቆሮ ሣጥን የወጣ ብር በመስኮቴ አለፈ፤ ሽታው እስካሁን አይጠፋኝም። አንድ ቀን አንዲት በርበሬ ነጋዴ እናት አሮጌውን አስረክበው አዲሱን ስሰጣቸው እያገላበጡ ተጠራጠሩት። እኔም እንደ ተማርሁት ብርሃን ላይ አንሥቼ ክሩን አሳየኋቸው፤ የውኃ ምልክቱን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ላንተስ ደመወዝህን በዚሁ ነው የሚከፍሉህ?» አሉኝ። «አዎን እማማ፣ በዚሁ ነው» ስላቸው በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ። ክሩም የውኃ ምልክቱም አላሳመኗቸውም፤ ያሳመናቸው እኔም በዚያው ገንዘብ እንደምኖር ማወቃቸው ነው።

ስለ ክትባት ፈቃደኝነት የሚጻፈውንና የሚነገረውን ስሰማ ታዲያ አንድ ነገር ያስከፋኛል። «ሕዝቡ አልነቃም»፣ «ሕዝቡ ወሬ ያምናል» ይባላል። እውነት ነው፣ ወሬው ብዙ ነበር። የቅርንጫፋችን ጥበቃ፣ ጋሼ የምንላቸው የቀድሞ ወታደር፣ አንድ ቀን ስልካቸውን አምጥተው «አንብብልኝ» አሉኝ። የኖቤል ተሸላሚ የሆነ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት የተከተበ ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልቃል ብሏል የሚል ነው። ሰውዬው ሉክ ሞንታኜ ነው፤ የኮሮናን ክትባት መንቀፉ እውነት ነው፣ የሁለት ዓመቱን ነገር ግን አላለውም፤ በስሙ የተፈበረከ ነው። ይህንኑ ነገርኋቸው። «የላከልኝ የእኅቴ ልጅ ነው፤ እርሱ አይዋሸኝም» አሉኝ። ልብ በሉ፤ ሳይንቲስቱን ያውቁታል ማለት አይደለም። ዋስ የሆነላቸው የእኅታቸው ልጅ ነው። ወሬው ሳይቀር በዋስ ነበር የሚሄደው፤ ክትባቱ ብቻ በማስታወቂያ ይሄድ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስን እየጠቀሱ «የአውሬው ምልክት ነው» የሚሉም ነበሩ። ይህንንም ይዘው ሰዎች ነገሩን ሁሉ በእምነት ላይ ያላክኩታል። እኔ አላክክም። እታባ ማለዳ ጸበሏን ጠጥታ፣ ቁርሷን በልታ፣ የስኳር ኪኒኗን የምትውጥ ሴት ነበረች፤ ሁለቱ ተጣልተውባት አያውቁም። ከዚህ በተቃራኒ በነርስነት የምትሠራ የባልደረባዬ እኅት መጀመሪያ ዕድል ሲደርሳት አልተከተበችም፤ ከእርሷ የበለጠ ስለ ክትባት የሚያውቅ በቤታቸው አልነበረም።

ደግሞ ጥርጣሬ ሁሉ ከባዶ አይነሣም። ከእኛ ርቆ የሆነ፣ መጨረሻው ግን ቤታችን ድረስ የመጣ አንድ ታሪክ ላንሣ። በናይጄሪያ፣ በካኖ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ወቅት ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የሚባል መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞከረ። በሙከራው ከተካተቱት ውስጥ 11 ሕፃናት ሞቱ፤ ወላጆች ፈቃዳችን በቅጡ አልተጠየቀም ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ አላለም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ከግዛቲቱ ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። እንግዲህ በዚህች ካኖ እ.ኤ.አ. በ2003 የፖሊዮ ክትባት መጣ ሲባል «ልጆቻችንን ሊያመክን ነው» ተባለና ክትባቱ ለወራት ቆመ። የተጀመረው በማግሥቱ ዓመት፣ ክትባቱ ሙስሊሞች ከሚበዙባት ከኢንዶኔዥያ ተገዝቶ ሲመጣ ነው። የክትባቱ ዓይነት ያው ነው፤ የተለወጠው ዋሱ ነው። በዚያ መሐል ግን ቫይረሱ ጉዞ ጀምሮ በሱዳን በኩል ለዓመታት ፖሊዮ ወዳልታየባት ኢትዮጵያ ገብቷል። በካኖ የተቃጠለ እምነት በእኛ ሀገር ሕፃን እግር ላይ ዐረፈ።

ወደ እታባ ልመለስ። በግራ ክንዷ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ የአንድ ሳንቲም ያህል የምታክል ጠባሳ ነበረቻት። ልጅ ሆኜ ጣቴን እያሳረፍሁባት «ይኼ ምንድን ነው?» እላታለሁ። የፈንጣጣ ክትባት ናት።

ስለ ፈንጣጣው ዘመቻ ትንሽ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ የዛሬውን ያስረዳልና። ዘመቻው በሀገራችን የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር እየተጓዙ መንደር ለመንደር ዞሩ። በጎጃም፣ በጎንደርና በሸዋ ደጋ ግን ሕዝቡ በቀላሉ እጁን አልሰጠም። ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው፣ በእኛ ዘንድ ይዛመት የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነው፤ ከመቶ አንድና ሁለት ሰው ቢገድል ነው። እንደ እስያው ሲሶውን ሰው የሚፈጅ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ከታቢውን ሮጦ በተቀበለው። ሁለተኛው፣ ሀገሬው የራሱ ክትባት ነበረው፤ ከታመመ ሰው ቁስል ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ በጥቶ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። «ክትባት» የሚለው ቃል ራሱ ከመርፌው በፊት በቤታችን ነበር፤ «ከተበ» ጻፈ ማለት ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ስለዚህ «ሕዝቡ ክትባት አያውቅም» የሚለው ነገር ያኔም ሐሰት ነበር። ክትባቱንማ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ከታቢውን ነው።

እታባ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ልጅ ናት። ከታቢው ወደ መንደራቸው ሲመጣ እናቶች ልጆቻቸውን ከማሽላው ውስጥ እንደ ደበቁ ትነግረኝ ነበር። ከታቢው ወጣት ነው፤ መሸበትና በአባቷ ቤት አደረ። ራት በልተው እሳት ዳር ሲቀመጡ አባቷ «አንተስ ተወግተሃል?» አሉት። እጅጌውን ጠቅልሎ ጠባሳውን አሳያቸው። ጠዋት አባቷ ቤተሰባቸውን አሰለፉ፤ እርሷንም። ጎረቤቱም ተከተለ። «ከሁሉ የጮኸው ወንድሜ ነው» እያለች ትስቅ ነበር። ያን ጊዜ በባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ዐሥራ አምስት ጊዜ ያህል ይወጉ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

የቀረው ሶማሊያ ነበር። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው የዓለም ሰው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1977 የታመመው ዓሊ ማኦ ማሊን፣ በመርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነው። አስተውሉ፤ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ክትባቱ ደጁ ላይ ነበር። ሰውዬው በኋላ ሲናገር መርፌው ያመኛል ብዬ ሸሸሁ ብሏል። ከሕመሙ ዳነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ የፖሊዮ ዘማች ሆነና በር ለበር እየዞረ፣ እምቢ ያሉትን ወላጆች የራሱን ታሪክ እየነገረ ያሳምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ሲመለስ ለዚሁ ሥራ እንደ ወጣ በወባ ታሞ ሞተ። ይህን ሰው ሳስበው እቀናለሁ። ፈርቶ መሸሹን አልደበቀም፤ ፍርሃቱን ራሱን ለሌላው ዋስ አደረገው።

እታባ የአባቷን ቤት ታሪክ ስትነግረኝ ያደግሁ ሰው ነኝ። በስልክ ስትጠይቀኝ እርሷ አባቷ የጠየቁትን ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ግን የማሳየው ጠባሳ አልነበረኝም፤ ሊኖረኝም አልፈለግሁም።

የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ፤ ፈቃድ ሁሉ በልብ ውስጥ ብቻ አያልቅም። በሰኔ ወር እታባ በራሷ ተነሥታ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር፤ ይህን የሰማሁት ከሞተች በኋላ ከጎረቤቷ ነው። የአስትራዜኒካው ብልቃጥ ዐሥር ሰው የሚከትብ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ ይደፋል። እንደ ሚኒባስ ታክሲ ሰው እስኪሞላ ይጠበቃል። በዚያን ቀን የመጡት አራት ሰዎች ብቻ ስለ ነበሩ «ሌላ ቀን ኑ» ተብለው ተመለሱ። በጉልበት ሕመም በዱላ የምትሄድ ሴት ሌላ ቀን አልተመለሰችም። ነርሶቹን አልወቅስም፤ ክትባቱ ውድ ነው፣ ሕንድም ከመጋቢት ጀምሮ ወደ ውጭ መላኩን ገትታው ስለ ነበር ሁለተኛውን ዙር የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ግን ያ ቀን በየትኛውም መዝገብ ላይ «ፈቃደኛ ያልሆነች» ተብሎ ይጻፍ ይሆናል። እኔስ በዚያ ቀን የት ነበርሁ? መስኮቴ ላይ፣ የሰው ገንዘብ እየቆጠርሁ።

በዚያው ሰሞን ወደ ዐረብ ሀገር የሚሄዱ ወጣት ሴቶች የክትባት ወረቀታቸውን ከፓስፖርታቸው ጋር አንድ ላይ በላስቲክ ጠቅልለው ሲመጡ አያቸው ነበር። ስለ ደም መርጋትም ስለ አውሬውም የጠየቀችኝ የለችም፤ የምትጠይቀኝ ስለ ዶላር ምንዛሪ ነው። አንዳንዱ «ይህ ፈቃደኝነት አይባልም፤ ግዴታ ነው» ይላል። ይበል። እንጀራም አንድ ዋስ ነው።

እታባ በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ሳል ጀመራት። የዴልታው ወቅት ነበር፤ ሆስፒታሎች ሞልተዋል። ኦክስጂን ያለው አልጋ ለማግኘት ሁለት ቀን ዞርን፤ በሦስተኛው ቀን አገኘን። ዘጠኝ ቀን ቆየች። በአምስተኛው ቀን ጭምብሉን ዝቅ አድርጋ «ሥራህን ለምን ተውህ? አይቆጡህም?» አለችኝ። ስለ ክትባቱ አንድም ቃል አላነሣችም። ምነው ባነሣችው ኖሮ! መስከረም 2014 ዓ.ም. ቀበርናት።

ብትከተብ ትድን ነበር ብዬ አልምልም። ክትባቱ የጽኑ ሕመምንና የሞትን ዕድል እጅጉን ይቀንሳል እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው ማረጋገጫ አይሰጥም፤ ስኳር ያለበት ሰው ሆኖ ሁለቴም ተወግቶ የሞተ አለ። ይህን አውቃለሁ። ሌሊት ላይ ግን ይህ ማወቅ ብዙ አይጠቅመኝም። ከተዝካሯ በኋላ ይህችን ጻፍሁ፤ ግጥሟ ደካማ ናት፤ ለማስተካከል ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ፦

የባዕዱን ገንዘብ ቆጥሬ ሳስረክብ፣
ሳንቲም አልጎደለኝ፣ ጠንቃቃ ነኝ በደንብ፤
ያንቺን ጥያቄ ግን ሳልቆጥር መለስሁት፣
«ቆዪ» በምትል ቃል በችኮላ ሸኘሁት።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ የሚያካትት ሰፊ የክትባት ዘመቻ ተጀመረ። ሀገር በጦርነት ላይ ነበረች፤ ስለ ኮሮና የሚያወራ ሰው ጠፍቷል። እኔ የሄድሁት ኅዳር 12 ማግሥት ነው። ኅዳር 12 አዲስ አበባ ቆሻሻዋን አውጥታ የምታጥንበት ቀን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ካለቀው ሕዝብ የቀረ ልማድ። እታባ ይህን ቀን ሳታከብር ቀርታ አታውቅም፤ ደጃፏ ላይ ጢሱ ሲነሣ «በሽታው ይሂድ» ትል ነበር። በዚያ ዓመት ጢሱን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ልብሴ ጢስ ጢስ እየሸተተ ሄጄ ተወጋሁ። አመመኝ? ክንዴን ሁለት ቀን፤ አንድ ሌሊትም አተኮሰኝ። ይህንኑ ሳልደብቅ ለጋሼ ነገርኋቸው፤ እጅጌዬንም ጠቅልዬ አሳየኋቸው፤ እንደ ዱሮው ጠባሳ የለውምና ነጥቧን እንኳ ማየት አልቻሉም። «ሁለት ዓመት እጠብቅሃለሁ» አሉኝ እየሳቁ። አልተከተቡም። ሁለት ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ አበቃ ብሏል። ጋሼ ደኅና ናቸው፤ እኔም አለሁ፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሲያገኙኝ «ዛሬም አለህ?» ይሉኛል። ታሪኬ ሁሉን ሰው የሚያሳምን ነው ብዬ እንዳልመካ ይጠብቁኛል።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ለብዙኃኑ የሚነገረው ይነገር፤ ሬዲዮውም ፖስተሩም አይቅር። ነገር ግን የሚያመነታ ሰው ሁሉ የሚደውልለት አንድ ሰው አለው፤ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ልጅ፣ ውጭ ያለች እኅት፣ የዕድሩ ዳኛ፣ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት። ዘመቻዎቻችን ያንን ተጠሪ ረስተውታል። በዚያ ሚያዝያ አንድ ሰው ወደ ቅርንጫፋችን መጥቶ ግማሽ ሰዓት ቢያነጋግረን፣ «ቤት ውስጥ ይጠይቋችኋል፤ ሲጠይቋችሁ የደም መርጋቱን አትደብቁ፤ ምን ያህል ጥቂት ሰው ላይ እንደሚደርስም ተናገሩ፤ ካስፈራችሁም አብራችኋቸው ሂዱ» ቢለን ኖሮ፣ እኔ ዐሥር ቃል የምናገርበት ድፍረት ባገኘሁ ነበር። ስለ ጎንዮሽ ጉዳት መናገር ሕዝቡን ያስበረግጋል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በብድር ክፍል ሳለሁ ከሁሉ የማንፈራው ዕዳውን ራሱ ቀድሞ የሚነግረንን ተበዳሪ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ አብራኝ የምትሠራ እኅት ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። የ14 ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በሀገራችን መሰጠት ስለ ጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት የሚገልጽ። «ምን ትለኛለህ?» አለችኝ። ሹካዬን አስቀመጥሁ። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን፣ ክትባቱ በልጅነት ሲወሰድ የበለጠ እንደሚከላከል፣ ክንድ እንደሚያሳምም፣ አንዳንድ ልጅ እንደሚያዞራት፣ የምታውቀው ሐኪም ካለም እንድትጠይቅ፣ እኔ ልጅ ቢኖረኝ አስከትባት እንደ ነበር፣ ቀኑ ሲደርስ እርሷ ፈቃድ ማግኘት ካቃታት መስኮቷን እኔ ይዤላት ልጇን ይዛ መሄድ እንደምትችል ነገርኋት። ምሳዬ ቀዘቀዘ። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

«እስቲ አባቷን ልጠይቀው» አለች።